ከብረት እንዝርት የወረደ መርዶ

እናቴ ከሞተች በኋላ ስምንት ቀን ሙሉ ሰው ሳዝናና ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ኋላ ላይ እንዳይደነግጥልኝ ነው። እኔም ያኔ አልደነገጥሁም።

ሥራዬ ሸዋ ሮቢት ነበር። አንድ ሰው ወንዝ ዳር ማንጎና ብርቱካን ተክሎ፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ አጥሮ መዝናኛ ከፍቷል። ኢሕአዴግ ከገባ ወዲህ ነው፤ ሞባይል ገና ወደኛ አልወረደም፤ መብራት ግን ነበረን፣ ማለቴ በሚመጣበት ቀን ይመጣል። ባለቤቱ አዲስ አበባ ብየዳ ቤት አሠርቶ፣ በአይሱዙ አስጭኖ ያመጣው አንድ ትልቅ የብረት ክብ አለ። ቀጥ ብሎ ቆሞ ይዞራል። ስምንት ወንበር ተንጠልጥሎበታል፣ በየወንበሩ ሁለት ሰው ይቀመጣል። ጫፍ ላይ የደረሰ ሰው ወንዙንም፣ የሽንኩርቱን እርሻም፣ የደብረ ሲናን ገደልም ያያል። ባለቤቱ “የሰማይ ወንበር” ብሎ በሩ ላይ በቀለም አስጽፎ ነበር። ሕዝቡ ግን ባየው ቀን “እንዝርት” አለው፣ በዚያው ቀረ።

የእንዝርቱ ሠራተኛ እኔ ነበርሁ። ሰው አሳፍራለሁ፣ ሰንሰለት እቆልፋለሁ፣ ማብሪያ እጫናለሁ፣ ፍሬን እይዛለሁ። መብራት ሲጠፋ ከጓዳው የእጅ መዘውር አምጥቼ እሰካና እያዞርሁ፣ ወንበር በወንበር ሰውን ወደ መሬት እመልሳለሁ። ከዚያ በፊት ሽንኩርት ጫኝ ነበርሁ። ሽንኩርት አይናገርም። ሰው ማሳፈር ከጀመርሁ ወዲህ ነው ሽንኩርት ደግ ፍጥረት መሆኑን ያወቅሁት።

ደገኞቹ ከደብረ ሲና፣ ከጣርማ በር በአውቶቡስ እየተጫኑ ለሙቀት ይወርዱ ነበር። በዚያ ቃጠሎ ጋቢያቸውን አያወልቁም። ላብ በጆሯቸው እየወረደ “ደግ አገር ነው፣ ይሞቃል” ይላሉ። እነሱን ማሳፈር ራሱ ግማሽ ቀን ነው። “አንተ ቅደም”፣ “በፍጹም! አንቱ እያሉ”፣ “ኧረ በማርያም”፣ ይኸው ነው። እስኪስማሙ ድረስ ወንበሩ ባዶውን ይወዛወዛል። ይህስ ይሁን። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ደገኛ ተቀምጦ ሽማግሌ ካየ ይነሣል። እንዝርት ላይ ሆኖም ይነሣል። ወንበሩ ገና መሬት ሊለቅ ሲል ከታች ሽበት ያለው ሰው ካለፈ፣ ሰውዬው “ኖር!” ብሎ ብድግ። ወንበሩ ይገለበጣል። አንዱን ጎልማሳ በቀበቶው ይዤ ነው ያስቀረሁት፤ እሱ ግን እኔን ዞር ብሎ አላየኝም፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ለሽማግሌው እጅ ይነሣ ነበር።

ያኔ የማታ ትምህርት ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ፊደል የቆጠርሁት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ሊያስተምሩን ሲመጡ ጫካ ገብቻለሁ፤ ስም የሚመዘግብ ሁሉ ለውትድርና የሚመዘግብ ይመስለኝ ነበር፣ ብዙም አልተሳሳትሁም። እንግዲህ በሕይወቴ ለሰው ይታይልኝ ብዬ መጀመሪያ የጻፍሁት ነገር በከሰል፣ በሣንቃ ላይ ነው፤ “ወንበር ላይ ሳሉ ለሽማግሌ መነሣት ክልክል ነው” ይላል።

አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሰውዬ ልጃቸውን አስነበቡት። ከዚያ ወደኔ መጡ።

“ይኼ የየትኛው መንግሥት ሕግ ነው?”

“የኔ ነው፣ ጋሼ።”

“አባት የለህም?”

“ነበረኝ።”

“ታዲያ ሲመጣ አትነሣም ነበር?”

“እንዝርት ላይ አልነበርሁማ። እዚህ ሰው ቢነሣ ወድቆ ይሞታል እኮ።”

“በክብር ይሞታላ!” አሉና ሣንቃውን በከዘራቸው አንድ ጊዜ መትተው ሄዱ።

የአዲስ አበባ ሰዎች ደሴ ሲሄዱ ወይ ሲመለሱ ይቆሙ ነበር። እነሱ ለማንም አይነሡም። መብራት ሲጠፋ እኔ የወሰድሁት ይመስል “አቦ ብራዘር፣ ምን አይነት ሥራ ነው?” ይሉኛል። የይፋት እስላሞች ሲመጡ አንድ ሴትዮ የሁሉንም ቦታ ከመሬት ደልድላ ነው የምታሳፍረው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ የማን ሚስት ከማን እኅት ጋር። የአስር፣ የከሰዓቱ ሶላት ከደረሰ ደግሞ ዙሩ ሳያልቅ ሁሉም “አውርደን” ይላል። ከሁሉ ለሥራዬ የሚመቹኝ እነሱ ነበሩ፤ የሚወርዱበትን ሰዓት ያውቁታል።

ፈረንጆች ሰልፍ ይዘው ይቆማሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰልፍ የለም። አንድ ቀን ባልና ሚስት ፈረንጆች ከማንጎው ሥር ተከታትለው ቆሙ። ከኋላቸው ማንም አልቆመም፤ ከፊታቸውም ማንም አልነበረም። ሰው በጎን በጎን እየመጣ ይሳፈራል፣ እነሱ ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። ደገኞቹ አዘኑና “እንግዳ ይቅደም እንጂ!” ብለው እየገፉ አመጧቸው። ፈረንጆቹ እንደ ተሰደቡ ደነገጡ፤ “ኖ፣ ኖ” ብለው ተመልሰው እዚያው ባዶ ሰልፋቸው ላይ ቆሙ። ደገኞቹ ደግሞ ተናቅን ብለው ተቀየሙ። ሁለቱም ወገን ጨዋ ነበር። እኔ ፍሬኑን ይዤ ቆሜ ሁለቱንም ረገምሁ።

አፋሮች በበሩ ሲገቡ ጊሌ የሚሉትን ጩቤያቸውንና ጠመንጃቸውን ለዘበኛው ይሰጣሉ፤ ሲሰጡ ፊታቸው እንደ ተራቆተ ሰው ነው። ሁለት አፋር በሩ ላይ ከተገናኙ ግን ከዚያ ወዲያ መግቢያ የለም። ቁጭ ብለው ዳጉ ይጀምራሉ። ዳጉ ወሬ ነው፣ ግን እንደኛ ወሬ አይደለም። የት ዘነበ፣ ሣር የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ ያየውን ሁሉ ያየ ሰው ላላየው ይናገራል፤ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ። ባለቤቱ “በሩን ልቀቁ!” ብሎ ይጮኻል። አዋቂ ሲያወራ ጣልቃ እንደ ገባ ሕፃን ቀና ብለው ያዩትና ይቀጥላሉ።

ከአፋሮቹ አንድ ወዳጅ ነበረኝ። ፍየል እየነዳ ወደ ላይ ገበያ ሲወጣ በእናቴ ደጅ ያልፍ ነበር፤ እናቴ ውሃ ትሰጠዋለች። አንድ ጊዜ፣ “ለምንድነው መንገድ ላይ የምትዘረገፉት? ገብታችሁ አታወሩም?” አልሁት።

“እስክገባ ብሞትስ?” አለኝ። “ወሬ ይዞ ዝም ያለ ሰው ሌባ ነው። የኔ አይደለማ፣ ያንተ ነው።”

ሳቅሁበት።

የእናቴ ቤት ከከተማው በላይ፣ ቀወት ውስጥ፣ ተዳፋቱ ላይ ነው። ለኔ እግር አራት ሰዓት ያስኬዳል። ከገና በፊት ጀምሮ መታመሟን ሰምቻለሁ። ለባለቤቱ ሦስት ቀን ፈቃድ ስጠኝ አልሁት። እሱም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። “ከጥምቀት በኋላ ሳምንት ሙሉ እሰጥሃለሁ። አሁን ብትሄድ እንዝርቱን ማን ይይዝልኛል?” አለ። እውነቱን ነው፣ ሌላ ሰው አልነበረም። እኔም ጥምቀት እስኪያልፍ ትቆየኛለች ብዬ ተቀመጥሁ። ያን ጊዜ በዓለም ላይ የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ሳትሞት መድረስ።

ጥምቀት ሊሆን ሳምንት ሲቀረው ሞተች።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ኋላ ነው አጣርቼ ያወቅሁት። በሞተችበት ጠዋት የአክስቴ ልጅ እየሮጠ ወርዶ መዝናኛው በር ደረሰ። እኔ እንዝርቱ ሥር ሆኜ ቅባት እየቀባሁ ነበር፤ ከበሩ አይታይም። በኛ አገር ደግሞ ሞተች ተብሎ በቀጥታ አይነገርም። እሱም እንደ ወጉ ለባለቤቱ፣ “እናቱን ጠንቶባታል፣ ቶሎ ይምጣ በለው” አለው፤ በጆሮው ደግሞ እውነቱን ነገረው። ባለቤቱ “እልከዋለሁ” አለ። የአክስቴ ልጅ እኔን ቢያገኘኝ ፊቱ እንደሚያሳብቅበት ስለሚያውቅ ሳይገባ ተመለሰ። ባለቤቱ አልላከኝም። ዘመዶቼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሬሳውን ይዘው መንገዱን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ቀበሯት።

በማግስቱ አጎቴና የእናቴ የነፍስ አባት ሊወቅሱት ወረዱ። ባለቤቱ ቢሮው አስገብቶ ለመናቸው። አንዴ ተቀብራለች፤ ይህ ሰው የያዘው ብረት ነው፤ ከላይ ዐሥራ ስድስት ነፍስ ይንጠለጠላል፤ አሁን ብትነግሩት እጁ ይከዳውና ሰው ይፈጃል፤ በዓሉ ይለፍ አላቸው። መርዶ መቼም ቀን ተመርጦለት ነው የሚነገር። እነሱም አሰቡበትና ተስማሙ። በቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ እንደ ወጉ ሊነግሩኝ ተቀጣጠሩ።

በነዚያ ቀኖች ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ግቢው ውስጥ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ስኳር ደርባ ትሰጠኝ ጀመር። በሁለት ዓመት አንድ ቀን ደህና ቃል ተናግሮኝ የማያውቀው ዘበኛ “ወንድሜ” አለኝ። የማታ አስተማሪያችን ተነሥቼ እንዳነብ አላዘዘኝም፤ “ዛሬ አንተ ዕረፍ” አለ። መንገድ ላይ ሰው ገለል ይልልኛል። እኔ ሞኙ ምን እንደ መሰለኝ ታውቃላችሁ? ፊደል ስላወቅሁ የተከበርሁ መሰለኝ። አገጬን ቀና አድርጌ መሄድ ጀምሬ ነበር።

የቃና ዘገሊላ ዕለት ግቢው ጢም አለ። አጎቴና ቄሱ መጡ። ነጭ ለብሰዋል። የመርዶው ቀጠሮ ለነገ ጠዋት ስለሆነ ከተማ ሊያድሩ ነው። “በዓል ብለን ነው የወረድነው፣ አንተንም እንይህ ብለን” አለ አጎቴ፣ ዓይኑ የማንጎውን ቅጠል ይቆጥራል።

“እናቴ እንዴት ናት?” አልሁት።

“እህ… ያው ናት። ለውጥ የላትም።”

ይህን ያለኝ ቄሱ እየሰሙ ነው። ቄሱ መስቀላቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውሉ ነበር።

“ነገ አብሬያችሁ እወጣለሁ፣ ፈቃዴ ደርሷል” አልሁ።

“ነገማ እንነጋገራለን” አለ አጎቴ።

ባለቤቱ እየሮጠ መጥቶ ሁለቱንም ሳመ፤ እምቢ ቢሉም ይዞ እንዝርቱ ላይ አስቀመጣቸው። አሁን ሳስበው ከኔ ሊያርቃቸው ይመስለኛል። ሰንሰለቱን እኔ ራሴ ቆለፍሁላቸው። ወንበሮቹ ሞልተው ነበር፤ ከአጎቴና ከቄሱ ሌላ ደገኞች፣ አንድ የይፋት ነጋዴ ከሚስቱ ጋር፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት ወጣቶች፣ አንዲት ፈረንጅ ከአስጎብኚዋ ጋር። ማብሪያውን ተጫንሁ። ቄሱ ከታች ባለፉ ቁጥር የቆመው ሰው መስቀል ለመሳለም ይንጠራራል፤ ቄሱም ጎንበስ እያሉ ያሳልማሉ። እንዲያውም አንዷ በሦስተኛው ዙር “አባ፣ ልጄን አላሳለሙልኝም!” ብላ ከወንበሩ ጎን ሮጠች። በአራተኛው ዙር መብራት ጠፋ።

ማጉያው ሲዘፍን ቆይቶ መሐል ላይ ተቆረጠ። እንዝርቱ ትንሽ ተንሸራቶ ቆመ። አጎቴና ቄሱ ጫፍ ላይ ነበሩ።

ፍሬኑን ቆለፍሁ፣ ማብሪያውን አጠፋሁ፣ ከጓዳው መዘውሩን አምጥቼ ሰካሁ። ልጀምር ስል አፋሩ ወዳጄ ከኋላዬ መጣ። ሚስቱንና እኅቱን እንዝርት ሊያሳይ ይዟቸው ገብቷል። እጄን ጨበጠና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ቁጭ ማለቱ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

“ቆይ፣ ሰው ላውርድ” አልሁት።

“እያወረድህ ስማ” አለ። ጀመረ። “ታች ሣር የለም። ውሃው ሩቅ ሆኗል። ሁለት ግመል ጅብ በላብን። የወንድሜ ሚስት ወልዳለች፣ ወንድ ነው። ባለፈው ፍየል ይዤ በናንተ በላይ ወጥቼ ነበር። እናትህ ሞታለች።”

መዘውሩን ሩብ ዙር አዙሬ ነበር። ቆምሁ።

“ሲቀብሯት ደርሻለሁ” አለ። “ጉድጓዱ ድንጋይ ወጣበትና ሌላ ቆፈሩ። ሰው ብዙ ነበር። መንገዱን ያያሉ፣ አንተን። ፀሐይ ሲያዘነብል ቀበሯት። ወዲያው ቤቴ ወረድሁ፣ በዚህ አላለፍሁም። ስምንት ቀን ዘገየሁብህ። ይቅር በለኝ።”

ከላይ የአጎቴ ድምፅ መጣ። ምን እንደሚባል አልሰማም፤ ግን አፋሩ መሬት ላይ ተቀምጦ እኔን እያየ ሲናገር፣ እኔም መዘውሩን ይዤ ስደርቅ ከላይ አይቷል።

“አንተ ሰውዬ! ዝም በል! ምንድነው የምትለው? ዝም አስብሉት እባካችሁ!”

አፋሩ ቀና ብሎ አየው። “ማነው?” አለኝ።

“አጎቴ ነው።”

“እሱም ነበረ እኮ” አለ። “መቃብሩ ላይ።”

ቀና አልሁ። ፀሐይዋ ከኋላቸው ስለሆነች ሁለት ጥቁር ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ።

“አጎቴ! ይኼ ሰው የሚለው እውነት ነው?”

በግቢው ያለ የከተማው ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ያቀረቀረው ስለሚያውቅ ነው።

“አውርደንና እንነጋገር” አለ።

“እዚያው ሆነው ይንገሩኝ።”

“ልጄ፣ መርዶ እንዲህ አይነገርም! በማለዳ፣ ተቀምጠህ፣ ሰው ይዞህ…”

“ይኸው ሰው አለ። ማለዳም ነበረ፣ ስምንት ማለዳ። ይንገሩኝ።”

ከመሐል ወንበር አንደኛው የአዲስ አበባ ወጣት፣ “ምን ተፈጥሮ ነው? ብራዘር፣ መጀመሪያ አውርደን እንጂ!” አለ። ጓደኛው በክርኑ ጎሸመው።

የይፋቱ ነጋዴ ከወንበሩ ሆኖ “ንገሩት እንጂ፣ ያ ጀመዓ! ሐቁን ነው!” አለ።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድምፃቸው ቅዳሴ የለመደ ነውና ጥርት ብሎ ወረደ። “ልጄ፣ እናትህ ዐርፋለች። የፈታኋት እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ያጥናህ።” ከዚያ ደግሞ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “አሁን አውርደን፣ አጎትህ ራሱን እያዞረው ነው።”

የታችኛው ወንበር ላይ የነበረች አንዲት የጣርማ በር ሴት ነጠላዋን አደግድጋ፣ እዚያው ታስራ እንደ ተቀመጠች “እናቴን! እናቴን!” ብላ ጮኸች። እናቴን አይታት አታውቅም። እንደሷ ያለቀሰላት የለም። እኔ አላለቀስሁም። የሆነ ነገር ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ደረቴ ውስጥ እንደ ባዶ ማዳበሪያ ከረጢት ያለ ነገር ነበር እንጂ ሌላ አልነበረም።

መዘውሩን አዞርሁ። ምን ላድርግ? ዐሥራ ስድስት ሰው ነው።

መጀመሪያ ያቺን ሴት አወረድሁ። ትከሻዬን ሳመችና ደረቷን እየደቃች ማንጎው ሥር ተቀመጠች። ቀጥሎ ወጣቶቹ ወረዱ። ያ ብራዘር የሚለኝ ልጅ የሚለው ጠፍቶት “አይዞህ” አለ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ ደግሞ አወለቀ። ነጋዴው ሚስቱን አስወርዶ፣ “አላህ ጽናቱን ይስጥህ” አለና መዘውሩን ያዘ። “አምጣ። ሐዘንተኛ ሥራ አይሠራም፣ እኔ ላዙረው።” አልለቀቅሁለትም። “ወንድሜ፣ ልቀቅ” አለ ደግሞ። እጄ ሥራ ይዞ ነበር፤ ከለቀቀ ምን እንደሚይዝ አላወቅሁም። ተወኝ፤ ግን አልሄደም፣ አጠገቤ ቆመ። ፈረንጅዋ ስትወርድ አስጎብኚዋ በጆሮዋ ነገራት። ካሜራዋን ወደ ጀርባዋ አዙራ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። እኔ እንደ ግንድ ቆምሁላት። ሴት አንገቴን ይዛ ሕዝብ ፊት ስታለቅስ በሌላ ቀን ቢሆን አፍር ነበር።

አጎቴና ቄሱ መጨረሻ ወረዱ። ተራቸው ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ ሰንሰለታቸውን ሳልፈታ አሳልፌ ሌሎቹን አስቀደምሁ። ሆን ብዬ ማድረጌን ቄሱ ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። አጎቴን ነጋዴው ደግፎ አወረደው።

“ለሰው ሕይወት ብለን ነው” አለ አጎቴ። “ባለቤቱ ለምኖን ነው። ቀብር ሲሆን ልከንብህ ነበር እኮ፣ የአክስትህ ልጅ መጥቶ ነበር፣ ባለቤቱ እልከዋለሁ ብሎ…” አፉ አመለጠው። ዓይኑ ባለቤቱን ፈለገ።

ባለቤቱ ከሕዝቡ ኋላ ቆሟል። ሰው ገለል አለለት፤ ለክብሩ አይደለም፣ እንዲታይ ነው።

“ብነግርህ ትሄድብኝ ነበር” አለ። ይህን ያህል ቀጥ ያለ ነገር ይናገራል ብዬ አልጠበቅሁም። “ግቢው ሙሉ ሰው ነው። በብረት ሰው ይሞታል ብዬ ነው። በሕይወቷ ሳለች መከልከሌ ግን… እሱ የኔ ጥፋት ነው።”

“በሞቷ ዕለትስ?” አለ አፋሩ። እሱ ምን አገባው የሚል አልነበረም።

መዘውሩን ነቅዬ ባለቤቱ እጅ ላይ አስቀመጥሁለት። ከባድ ነው፣ በሁለት እጁ ያዘው።

ደገኞቹ ያን ጊዜ የሚያደርጉትን አደረጉ። ለመዝናናት የመጣ ሁለት አውቶቡስ ሰው፣ ሐዘንተኛ አይቶ ጥሎ መሄድ ነውር ነውና፣ ማንጎው ሥር በየተራው ተቀመጠ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። እኔንም መሐል አስቀመጡኝ። አንዱ ሽማግሌ “ስንት ዓመታቸው ነበር?” ይላል፣ ሌላው “የአገር እናት ነበሩ” ይላል፤ የአገሩን ስም ሳይጠይቅ። ፈረንጅዋም መጥታ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች። ነጋዴው እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። ድንገት መብራት መጣና ማጉያው ካቆመበት ጭፈራውን ቀጠለ። አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ ገመዱን ከነሶኬቱ ነቀለው፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ባለቤቱ አላየሁም አለ።

ኋላ ተመልሼ እዚያው ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ለምን ተመለስህ የሚለኝ ሰው የሚበላውን ይንገረኝ።

ያን ዕለት ግን ከአጎቴና ከቄሱ ጋር ወጣሁ። አፋሩ እስከ ተዳፋቱ ሥር ሸኘን። መንገድ ላይ አጎቴ አንድ ሁለት ጊዜ ሊናገር ጀምሮ ተወው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቤተ ክርስቲያኑ ደረስን። መቃብሩን አሳዩኝ፤ ጎኑ ላይ ያ ተጀምሮ የተተወው ጉድጓድ በግማሽ ተሞልቶ ይታያል። ቆምሁ። አጎቴ እንዳለቅስ ይጠብቃል፣ እኔም እጠብቃለሁ። ሁለታችንም ሲደክመን ወደ ቤት ሄድን።

አክስቴ ቤቱን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ጮኻ አቀፈችኝ፤ ሲበቃት ውሃ ሰጠችኝ።

“ምን አለች?” አልኋት። “በመጨረሻ።”

“አንተን ጠየቀች። መጣ ወይ አለች።”

“ምን አላችኋት?”

አክስቴ ወደ አጎቴ አየች። አጎቴ በሩ ላይ ነበር፤ አልገባም።

“መንገድ ላይ ነው አልናት” አለች አክስቴ። “ከቀትር ጀምሮ ስትጠይቀን ነበር። መጀመሪያ ከተማውን ለቋል አልናት። ከዚያ ወንዙን ተሻግሯል አልናት። ማታ ላይ ደግሞ ዳገቱን ጀምሯል አልናት። ምን እንበላት? ደስ እያላት ሄደች።”

“ያን ጊዜ ልካችሁብኝ ነበር?”

“ኧረ የላክነው ኋላ ነው። ጠዋት፣ ከሞተች በኋላ።”

“ሌላ ምን አለች?”

“ሌላ እንኳ… ውሻውን እሰሩት አለች። ብዙ ጊዜው ነው፣ አያውቀውም፣ ይነክሰዋል አለች። አሰርነው።”

ውሻው ደጅ ይጮኽብኝ ነበር። ከገባሁ ጀምሮ አላቆመም። ከቀብሩ በኋላ ፈትተውታል። አጎቴ ድንጋይ አንሥቶ “ሂድ!” አለው፤ ውሻው ትንሽ ራቅ ብሎ ዞረና እንደገና ጮኸብኝ።